ሐር ለአስፋልት፣ ጥጥ ለአቃቂ

ማክሰኞ ረፋድ ላይ ላጢፋ አቃቂ በሰቃ ገበያ መግቢያ ላይ ካለችው፣ ከቁም ሣጥን ብዙም ከማትሰፋው ሱቋ ደጃፍ ተቀምጣ የተማሪ ቦርሳ ዚፕ ስትቀይር፣ አንዲት ቀጭን ወጣት መጥታ ፊት ለፊቷ ቆመች። ሻርፗን ከማጅራቷ ጠበቅ አድርጋ አስራለች፤ በትከሻዋ ላይ የተጠቀለለ ጥቁር ጎማ አንግታለች።

«እትዬ ላጢፋ እርስዎ ነዎት?»

«ነኝ። ምን ልሥራልሽ?»

«ጋሽ ጉተማ ልከውኝ ነው፤ ጎሚስታው። ይሄንን የሚሰፋ ሰው ካለ እሷ ብቻ ናት አሉኝ።»

ልጅቷ ጎማውን አውርዳ በስፌት መኪናው ጠረጴዛ ላይ አኖረችው። ላጢፋ መነጽሯን ወደ ላይ ገፋ አድርጋ አየችው። ለመንካት አልቸኮለችም። እንዲህ ያለ ጎማ እጇ ከገባ ሠላሳ አራት ዓመት አልፎታል።

«ቱቦላሬ ነው» አለች፣ ለራሷ እንደምትናገር።

«እኛ ቲዩቡላር ነው የምንለው።»

«በሉት። እኛ ቱቦላሬ እንለው ነበር።»

ተራ የብስክሌት ጎማ ሽፋኑ ለብቻ፣ ከመነዳሪው፣ አየር የሚይዘው የውስጥ ላስቲክ፣ ለብቻ ነው፤ ሲበሳ ገልብጦ፣ ለጥፎ መመለስ ነው፤ የትም ሠፈር ያለ ጎሚስታ ይሠራዋል። ቱቦላሬ ግን ከመነዳሪውን ሆዱ ውስጥ ከትቶ ዙሪያውን የተሰፋ ጎማ ነው። በስፌቱ ላይ ጨርቅ ይለጠፍበታል፤ ከዚያ በማስቲሽ ቸርኬው ላይ ይጣበቃል። ቀላል ነው፣ ፈጣን ነው፣ ተበስቶ እንኳ ቸርኬውን አይለቅም። ሲበሳ ግን ጨርቁን ገንጥሎ፣ ስፌቱን ተርትሮ፣ ከመነዳሪውን አውጥቶ ለጥፎ፣ እንደገና በእጅ መስፋትን ይጠይቃል። ይህን የሚችል ሰው በፋኖስ ተፈልጎ አይገኝም።

ልጅቷ ፊርዶስ እባላለሁ አለች። ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። አባቷ ስልጤ ናቸው፤ ሳሪስ አቦ የሸቀጥ ሱቅ አላቸው። እሷ ለአንድ ክለብ ትወዳደራለች። ጎማው የተለጠፈበት ቸርኬ ከውጭ ለክለቡ ተለግሶ የመጣ ነው፤ ከቱቦላሬ ሌላ አይቀበልም። ቅዳሜ ልምምድ ላይ ቱሉ ዲምቱ አደባባይ ስትዞር የጠርሙስ ስባሪ በላው። የፊታችን እሁድ ደግሞ ውድድር አለ፤ መነሻውም መድረሻውም እዚያው ቱሉ ዲምቱ ነው። እንዲህ ያለ ጎማ ገበያ ላይ የለም፤ ከውጭ ሰው ይዞልኝ ይምጣ ብትል ወር ይፈጃል።

«ተራ ጎማ የሚይዝ ቸርኬ ተዋሺና ተወዳደሪ» አለቻት ላጢፋ።

«ክለቡ ውስጥ አለ። ግን እትዬ፣ በዚህ ከነዳሁ በኋላ ወደዚያኛው መመለስ አቃተኝ። መንገዱ ራሱ ሌላ መንገድ ይሆንብኛል።»

ላጢፋ ቀና ብላ አየቻት። ይህን ነገር ሌላ ሰው ሲናገረው ሰምታ ታውቃለች። ባሏ ሸኪብ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ «በተራ ጎማ ስትሄድ መንገዱ ይመታሃል፤ በቱቦላሬ ስትሄድ ያወራሃል» ይል ነበር።

«ዓይኔ ደክሟል፣ ልጄ። እጄም እንደ ድሮው አይደለም።»

«ይሞክሩት ብቻ። ካልሆነ አልቀየምም።»

ላጢፋ የቦርሳውን ዚፕ ጨረሰችና ጎማውን አነሳች። አውራ ጣቷን ከውስጥ በኩል በስፌቱ መስመር ላይ እያስኬደች አንድ ዙር አዞረችው። ጣቷ ሳይጠየቅ ሥራውን ያውቀው ኖሯል።

«ነገ ከሰዓት ነይ» አለች።

*

የላጢፋ ወላጆች ከወሎ ነው የመጡት። አባቷ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር፤ ከደሴ አዲስ አበባ ሲመላለስ አቃቂን ወደዳትና ቤተሰቡን ጭኖ መጣ። እሷ በሃያ ዓመቷ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ተቀጠረች። ሥራዋ ከማሽን የወጣውን ጨርቅ መብራት ላይ ዘርግቶ የተበጠሰ ክር መፈለግና በመርፌ መመለስ ነበር። አንድ ቦታ ጠግና ስትጨርስ ራሷም መልሳ አታገኘውም።

ፋብሪካው በዚያ ዘመን የብስክሌት ቡድን ነበረው፤ ስድስት ተወዳዳሪና አንድ መካኒክ። መካኒኩ አቶ ወልደገብርኤል ይባላሉ፤ ሙያውን በልጅነታቸው አሥመራ የተማሩ፣ ቆባቸውን ከራሳቸው የማያወርዱ፣ ሲናገሩ ድምፃቸው የማይሰማ ሽማግሌ ነበሩ። ቱቦላሬ እንደ ልብ አይገኝም። በዓመት አንዴ ስምንት ወይ አሥር ትመጣለች፤ ያቺው ዓመቱን ሙሉ እየተተረተረች፣ እየተሰፋች ትነዳለች። የሳቸው ዓይን ደከመና ተተኪ ሲፈልጉ ወደ ጥገና ክፍል መጥተው ከላጢፋ ጀርባ ግማሽ ቀን ቆሙ። ምን እንደሚያዩ ማንም አላወቀም። ሲሄዱ ግን፣

«ልጄ፣ አንቺ ጎማ ትሰፊያለሽ» አሏት።

«ጎማ ይሰፋል እንዴ?»

«ነይና እይ።»

እንዲህ ነው የጀመረችው። በምሳ ሰዓት የመካኒኩ ክፍል ገብታ፣ አቶ ወልደገብርኤል በሹክሹክታ እየነገሯት ተማረች። መርፌው ከመነዳሪውን ከነካ ልፋቱ ሁሉ ከንቱ ነው፤ ስለዚህ ከሥር የማንኪያ እጀታ ይደረጋል። ክሩ በሰም ይታሻል። መርፌ በአሮጌው ቀዳዳ እንጂ በአዲስ አይገባም፤ ጨርቁ ይደክማል። ከመተርተር በፊት በሁለቱ ከንፈሮች ላይ በእርሳስ መስመር ይሰመራል፤ መልሰው ሲሰፉ መስመሩ ካልገጠመ ጎማው ይጣመማል። ስፌቱ ከጠበቀ ጎማው እዚያ ቦታ ታንቆ ሲሄድ ይዘላል፤ ከላላ ያብጣል።

«እንዴት ልወቀው ታዲያ ልኩን?» አለቻቸው።

«ሰው ስታቅፊ እንዴት ታውቂዋለሽ?» አሏት። ከዚያ የተናገሩት ራሳቸውን አሳፍሯቸው ቆባቸውን አስተካከሉ።

መምረጡንም ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። ቱቦላሬ ሁሉ አንድ አይደለም። ሆዱ ከሐር የተሠራው እንደ ቅጠል ይቀላል፤ ለስላሳ አስፋልት ላይ ሲሄድ እንደ ንብ ይዘምራል፤ ግን ጠጠር አይወድም። ከጥጥ የተሠራው ይከብዳል፣ አይዘምርም፣ ነገር ግን ይችላል። የያኔው የአቃቂ መንገድ ደግሞ ጠጠሩ፣ የብረታ ብረቱ ብጥስጣሽ፣ የጭነት መኪናው ዘይት አንድ ላይ የተደባለቀበት ነው። ልጆቹ ለልምምድም ሐር ካልሆነ እያሉ ሲያስቸግሯቸው አቶ ወልደገብርኤል፣ «ሐር ለአስፋልት፣ ጥጥ ለአቃቂ» ብለው በሩን ይዘጉባቸዋል።

ከስድስቱ ተወዳዳሪዎች አንዱ ሸኪብ ነበር። ፊት የሚቀድም አልነበረም፤ ኋላም አይቀርም። በአንድ ነገር ግን ከሁሉም ይበልጥ ነበር፤ እንደ እሱ ጎማ የሚበሳበት አልነበረም። የሌሎቹ በወር አንዴ ቢበሳ የሱ በሳምንት ይበሳል። ጎማውን ለአቶ ወልደገብርኤል አይሰጥም፤ በጥገና ክፍል መስኮት አሻግሮ ራሱ ለላጢፋ ያቀብላታል፤ ከዚያም ስትተረትር ቆሞ ያያል።

ላጢፋ ያየችውን ወዲያው አልተናገረችም። የመንገድ እሾህ ጎማው እየዞረ ስለሚወጋው ሰያፍ ይገባል። ብርጭቆ ይቀዳል። የሸኪብ ቀዳዳ ግን ቀጥ ብሎ የገባ፣ ክብ፣ ንጹሕ ቀዳዳ ነው። የመርፌ ቀዳዳ ነው። የመጀመሪያውን ለጥፋ ዝም አለች። ሁለተኛውንም ዝም አለች። በሦስተኛው ጎማውን መልሳ እየሰጠችው፣

«በሚቀጥለው መርፌህን ብቻ ይዘህ ና። ጎማው ምን አደረገህ?» አለችው።

ሸኪብ ፊቱ ተለዋወጠ። ሁለት ሳምንት በዚያ መስኮት አላለፈም። በሦስተኛው ሳምንት ወደ አባቷ ቤት ሽማግሌ ላከ። አቶ ወልደገብርኤል ነገሩን ሲሰሙ ስለ ጋብቻው ደስ አላቸው፤ ስለ ሦስቱ ጎማዎች ግን እስኪሞቱ ድረስ ይቅር አላሉትም።

*

ረቡዕ ፊርዶስ በቀጠሮዋ መጣች። ላጢፋ ጎማውን ቀድማ መርምራው ነበር። ቀዳዳው ቀላል ነው። ችግሩ ሌላ ነው፤ ክለቡ ውስጥ የለጠፈው ሰው የቱቦላሬ ማስቲሽ አጥቶ በሱፐር ግሉ አጣብቆት ኖሮ፣ ከቸርኬው ሲያላቅቁት ስፌቱን የሚሸፍነው ጨርቅ ዙሪያውን ተቦጫጭቋል። ያለዚያ ጨርቅ ደግሞ ማስቲሹ የሚይዘው የለም።

«በሌላ ጨርቅ አይተካም?» አለች ፊርዶስ።

«ጥብጣብ ሞክሬ ነበር። ይሸበሸባል። ይሄ ሰያፍ የተቆረጠ፣ ዙሩን ተከትሎ የሚሳብ ጨርቅ ነው የሚፈልገው።» ላጢፋ ከቤት ይዛው የመጣችውን ነጭ የጨርቅ ከረጢት ከጠረጴዛው ሥር ስባ አወጣች። «እስቲ እንዲያውም ሌላ ጎማ ልስጥሽ።»

ከረጢቱ ውስጥ ሁለት ቱቦላሬዎች ነበሩ፤ ጠርዛቸው እንደ ማር የቀላ፣ የሐር። ሸኪብ ያስቀመጣቸው ናቸው። ላጢፋ ሰባት ወር እርጉዝ ሆና ሸኪብ ቃሊቲ ቁልቁለት ላይ ከጭነት መኪና ኋላ ተንሸራቶ የአንገት አጥንቱ ተሰበረ። ሐኪም ቤት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ አስማለችው። ማለላት። ብስክሌቱን ለጓደኛው ለጉተማ ሰጠ፤ ራሱ የአይሱዙ ሾፌር ሆነ። በተከታዩ ዓመት ቡድኑም ፈረሰ። ሁለቱን የሐር ጎማዎች ግን ለማንም አልሰጠም። «አዲስ ናቸው፤ መሬት አልነኩም። ጎማ ጨለማ ውስጥ ሲቆይ ይጠነክራል» ብሎ በከረጢት ቁም ሣጥን አናት ላይ ሰቀላቸው። ከሞተ አራት ዓመት ሆነው። ላጢፋ ከረጢቱን አውርዳ የምታውቀው ለጽዳት ነው፤ ከፍታው አታውቅም።

ፊርዶስ አንዱን በሁለት እጇ ተቀበለች።

«እትዬ፣ ይሄ ማስታወሻዎ አይደል እንዴ? እንዴት እወስደዋለሁ?»

«ጎማ ሊነዱበት ነው። ንፊው።»

ፊርዶስ የያዘችውን መንፊያ ገጥማ ቀስ እያለች ነፋችው። ጎማው ሞላ፤ ክብ ሆኖ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠ። ላጢፋ ደስ አላት። ሸኪብ አጠገቧ ኖሮ «አላልኩሽም?» የሚላት መሰላት። ሻይ አስመጥተው እየጠጡ ሳለ ከጎማው ጎን ጠብ፣ ጠብ የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ሐሩ ክር በክር እየለቀቀ ነበር። ፊርዶስ ቫልቩን ልትከፍት እጇን ስትሰድ ጎኑ እንደ አሮጌ መጋረጃ ተቀደደና አየሩ በረዥሙ ወጣ።

ፊርዶስ ብርጭቆዋን አስቀምጣ አንገቷን ደፋች።

«እኔ ነኝ ያጠፋሁት። አብዝቼ ነፍቼው ነው።»

«አይደለም። አርጅቶ ነው። ጎማ ሲቆይ ይጠነክራል የሚሉት የሁለትና የሦስት ዓመቱን ነው፤ የሠላሳውን አይደለም።» ላጢፋ ይህን ስትል ድምፅዋ ደህና ነበር። ጎማውን ጭኗ ላይ አደረገች። ከዚያ ገልብጣ ሆዱን አየች። የስፌቱ መሸፈኛ ጨርቅ ደህና ነው፤ ወፍራም ጥጥ ነው፣ አልበሰበሰም። «ጨርቁ ግን ይሆንሻል» አለች። «ምላጭ አቀብዪኝ።»

«ሊቆርጡት?»

«የሞተ ጎማ ነው። ያንቺ ይኑር።»

ጨርቁን ከቫልቩ አጠገብ ጀምራ ቀስ እያለች ገነጠለች። ከሥሩ የፋብሪካው ስፌት ብቅ ብቅ አለ፤ እኩል፣ ነጭ፣ የተሰለፈ። ግማሽ ዙር ላይ ስትደርስ ግን እጇ ቆመ።

አንድ ስንዝር ያህል ቦታ ላይ ነጩ ስፌት ተቋርጧል። በምትኩ የጆንያ ክር አለ፤ ሰማያዊ፣ ድርብ። አንዱ እርምጃ ረዥም፣ አንዱ አጭር። ሁለት ቦታ ክሩ ተሳስቶ በራሱ ላይ ተመልሷል። መጨረሻው ላይ ኑግ የሚያህል ሳይሆን ሽምብራ የሚያህል ቋጠሮ ተቋጥሯል። መርፌ አልነበረም የተጠቀመው፤ ቀዳዳዎቹ በወስፌ የተከፈቱ ናቸው።

ይህ የሷ ስፌት አይደለም። የአቶ ወልደገብርኤልም አይደለም፤ እሳቸው ዕውር ቢሆኑም እንዲህ አይሰፉም። በላጢፋ ቤት የጆንያ ክርና ወስፌ የነበረው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ የአይሱዙው ሾፌር። ያ ሰው ደግሞ በሕይወት ሳለ የሸሚዙ ቁልፍ ሲወልቅ መርፌ መያዝ አልችልም እያለ ለሷ ይሰጣት ነበር።

«ምነው እትዬ?» አለች ፊርዶስ።

«ክሩ ነው» አለች ላጢፋ።

 ጨርቁን ገንጥላ ጨረሰች፤ ሰማያዊ ክር ያለበትን ስንዝርም በምላጭ ቆርጣ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ከዚያ የፊርዶስን ጎማ አቀረበች፤ መስመር አሰመረች፤ ተረተረች፤ ከመነዳሪውን አውጥታ፣ በብርጭቆ ወረቀት አሽታ ለጠፈች። ለመስፋት ሁለት ሰዓት ፈጀባት። ድሮ ሃያ ደቂቃ ነበር። ሁለት ጊዜ መርፌው ወጋት። ሆኖም ማንኪያው ከሥር ነበር፤ ክሩ በሰም ታሽቷል፤ እያንዳንዱን እርምጃ በአሮጌው ቀዳዳ አስገባች። ጨርሳ ስትነፋው ፊርዶስ ጎማውን ጆሮዋ ላይ አስጠግታ፣ እያሽከረከረች በጣቷ ዳሰሰችው።

«የቱ ጋ እንደተሰፋ አላገኘሁትም» አለች። ላጢፋ የአሮጌውን ጎማ ጨርቅ በስፌቱ ላይ ለጠፈችበት።

በዚያ ቀን ላጢፋን ደስ ካሰኟት ነገሮች ሳይበላሽ የቀረው ያ የፊርዶስ ቃል ብቻ ነበር።

*

ሐሙስ ሁለቱም ጎማውንና ቸርኬውን ይዘው ጉተማ ዘንድ ሄዱ። ጉተማ የአቃቂ ልጅ ነው፤ በቡድኑ ውስጥ የሸኪብ የቅርብ ጓደኛ ነበር። ዛሬ ዋናው መንገድ ዳር የጎሚስታ ሥራ አለው፤ የጭነት መኪና ጎማ መካከል ተቀምጦ የብስክሌት ነገር ከመጣለት ግን ሁሉን ትቶ ይነሳል። የቀረችውን አንድ ቆርቆሮ የጣልያን ማስቲሽ ከመሳቢያ አወጣ። ቸርኬውን በቤንዚን ጠርጎ፣ የድሮውን ሱፐር ግሉ በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈገ፣ በብሩሽ ስስ አድርጎ ቀባ።

«ዛሬ አንድ እጅ» አላት ፊርዶስን። «ነገ አንድ እጅ፣ ጎማው ላይም አንድ እጅ። ከዚያ ከቫልቩ ጀምረን በሁለት እጅ ወደ ታች እየሳብን እናለብሰዋለን። ቅዳሜ አትነኪውም። የቸኮለ ሰው ቱቦላሬ አይንዳ፤ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ስትይዢ ቸርኬው ይግላል፣ ማስቲሹ ካልደረቀ ጎማው ጥሎሽ ይሄዳል። እሁድ ዝናብ ካለ ደግሞ ንፋስ ቀንሺለት።»

ፊርዶስ ልምምድ አለኝ ብላ ስትሄድ ላጢፋ አልተነሳችም። ከቦርሳዋ የተቆረጠውን ስንዝር ጎማ አውጥታ ጉተማ ፊት አስቀመጠችው።

«ይሄን ማን ነው የሰፋው?»

ጉተማ አነሳውና ወደ ብርሃኑ አዞረው። ለመዋሸት ሞከረ፤ ፊቱ ግን አልታዘዘለትም።

«ጊዜው ቆየ እኮ፣ ላጢፋ።»

«ጊዜውን አይደለም የጠየቅኩህ።»

«ሸኪብ ነው» አለ ጉተማ፤ ጎማውን አስቀመጠ። «እዚሁ ተቀምጦ ነው የሰፋው። እኔ ክሩን ይዤለት።»

«አዲስ ናቸው፣ መሬት አልነኩም ብሎኝ ነበር።»

«በስንት እሁድ ነድቶባቸዋል። ከረጢቱ ውስጥ ያኔ ሌላ አሮጌ ጎማ ነበር፤ እነዚህን የመለሳቸው መንዳቱን ሲተው ነው።»

ጉተማ ነገሩን ቀስ እያለ ተናገረ። ብስክሌቱ በጉተማ ቤት ነበር፤ ሸኪብ በስጦታ የሰጠው ለአፍ ነው። ቡድኑ ከፈረሰ በኋላ አንድ እሁድ ጠዋት በአይሱዙው መጥቶ «እስቲ ጎማዋን ልያት» አለ። አየ፣ ወጣባት፣ ሠፈሩን አንድ ዙር ዞረ። በሚቀጥለው እሁድ ሁለቱም ዱከም ድረስ ሄዱ። ከዚያ በኋላ ጭነት ከሌለው እሁድ አልፏቸው አያውቅም። አይሱዙውን ጉተማ ግቢ አቁሞ ይነዳል፤ ሲመለሱ መኪናዋ ላይ አንድ ሁለት ባልዲ ውኃ ደፍቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ላጢፋ የምታውቀው ሌላ ነው። እሁድ እሁድ መኪናዋን ወንዝ አሳጥቤ ልምጣ ይላት ነበር። ሱሪው ርሶ፣ ፊቱ ቀልቶ ይመጣል፤ የሦስት ሰው ምሳ ይበላል፤ ከዚያ ልጃቸውን ናዕማን ደረቱ ላይ አስተኝቶ ራሱም እንቅልፍ ይወስደዋል። መኪና ማጠብ እንዲህ ያደክማል ወይ ብላ ታዝንለት ነበር። ይባስ ብላ ወጥ ትጨምርለት ነበር።

«ስንት ዓመት?»

«አሥራ አንድ። ከዚያ ስኳሩ ጀመረው፤ ጉልበቱም ከዳው። ተወው።»

«ምሎልኝ ነበር፣ ጉተማ። ሐኪም ቤት፣ እጄን ይዞ።»

«አውቃለሁ። እኔም ብዬዋለሁ። ‹ላጢፋ ያስማለችኝ እንዳልወዳደር ነው እንጂ እንዳልነዳ አይደለም› አለኝ። እኔና እሱ ስንነዳ ደግሞ ውድድር አልነበረም። አንዱ ከቀደመ ቆሞ ይጠብቃል። እሱን እንኳ ደንብ አድርጎት ነበር፤ ዳገት ላይ ከቀደምኩት ‹ቁም፣ መሐላዬን ታስፈርሰኛለህ› ይለኛል።»

ላጢፋ ያንን ቀን አስታወሰች። አልጋው፣ ነጩ ፋሻ፣ የሸኪብ ድምፅ። ቃሉም ትዝ አላት፤ እውነትም «ከእንግዲህ አልወዳደርም» ነበር ያለው። ያኔ እሷም በቃሉ መካከል ቀዳዳ ይኖራል ብላ አልፈተሸችም። ልትቆጣ ፈለገች።  ከዚያ ዓይኗ እንደገና ስፌቱ ላይ ወደቀ፤ ሰማያዊው ክር፣ ሽምብራ የሚያህለው ቋጠሮ።

«በዚህ ስፌት ነው ዱከም ድረስ የነዳው?»

«በዚሁ ነው።»

«ይሄ እኮ ሰው ይገድላል። እይ፣ እዚህ ጋ ጨርቁን አልያዘውም፤ አየር ላይ ነው ያለው። አንድ ጠጠር ቢያገኘው ኖሮስ?»

«ነግሬው ነበር። ‹ወስደህ ስጣት፤ ትቆጣና ትሰፋልሃለች› አልኩት። ‹ስትቆጣስ እችለዋለሁ፤ ቀዳዳውን አይታ የት እንደነበርኩ ታውቃለች፤ እሷን ጎማ ላይ መዋሸት አይቻልም› አለኝ። ሦስት ሰዓት ሙሉ ሰፋ። ጣቱን ስንት ቦታ እንደተወጋ። ሲጨርስ ምን አለ መሰለሽ? ‹እሷ ይሄንን ስትሠራ እኔ መስኮት ላይ ቆሜ ቀላል ይመስለኝ ነበር› አለ።»

ላጢፋ ነጠላዋን ወደ አፏ አስጠጋች። ጉተማ ወደ ሌላ አየ፤ የማስቲሹን ክዳን እያነሳ ይገጥም ጀመር። የምታለቅስ መስሎት ዞር ሲል፣ ትከሻዋ የሚንቀጠቀጠው በሳቅ ነበር። ዓይኗ ግን ረጥቧል።

«ብልጭ ቢልለት እኮ» አለች፣ «ጎማው ተበስቶ አገኘሁት፣ የጉተማ ነው ብሎ ቢያመጣልኝ እሰፋለት ነበር።»

«ያ ሐሳብ እንኳ አልመጣልንም።»

«ሁለታችሁም ሞኞች ነበራችሁ።»

«ነበርን» አለ ጉተማ።

*

እሁድ ጠዋት ደመና ነበር፤ ዝናብ ግን አልዘነበም። ላጢፋ በሚኒባስ ቱሉ ዲምቱ ወረደች። የኮንዶሚኒየሙ ሰው መንገዱ ዳር ተሰብስቧል፤ ሕፃናት በአባቶቻቸው ትከሻ ላይ ናቸው። ጉተማ ቀድሞ ደርሶ ሁለት የፕላስቲክ በርጩማ ከአንዲት ሻይ ሻጭ ተውሶ ቦታ ይዞላታል። አዲስ ኮፍያ አድርጓል።

ሴቶቹ ተወዳዳሪዎች አሥራ ዘጠኝ ነበሩ። መንገዱን ስድስት ጊዜ ይዞራሉ። ፊርዶስ ስታልፍ ለሰላምታ ጊዜ አልነበራትም፤ ጥርሷን ነክሳ፣ ጀርባዋን አጎንብሳ ከመካከለኞቹ ጋር አለፈች። ላጢፋ ፊቷን አላየችም። የኋላ ጎማዋን ነው ያየችው። ክብ ሆኖ፣ ሳይዘል፣ ሳይወዛወዝ ሄደ።

«አይዘልም» አለች።

«መች ዘሎ ያውቃል ያንቺ» አለ ጉተማ።

በሦስተኛው ዙር አንዷ ተወዳዳሪ ተበስቶባት መንገድ ዳር ወረደች። ላጢፋ ልቧ ደንግጦ ተነሳች፤ ፊርዶስ አልነበረችም። ተመልሳ ተቀመጠች። በአምስተኛው ዙር ፊርዶስ ከመካከለኞቹ ተነጥላ ወደ ፊት ወጣች፤ መጨረሻ ላይ አራተኛ ሆና ገባች። ሽልማት የሚሰጠው እስከ ሦስተኛ ነው። ብስክሌቷን እየገፋች ወደ እነሱ ስትመጣ ግን ፊቷ እንደ አንደኛ ነበር።

«እትዬ፣ መጨረሻ ኩርባው ላይ ሁሉም ፍሬን ያዙ። እኔ አልያዝኩም። ጎማውን አመንኩት።»

«ሁለተኛ እንዳታምኚው» አለች ላጢፋ። «ስድሳ ሁለት ዓመቴ ነው።»

ፊርዶስ ሳቀች። ከክለቧ ሌሎች ሁለት ልጆች፣ የተበሳ ቱቦላሬ ቤታቸው አስቀምጠው ሰፊ ያጡ፣ የትኛው ሱቅ እንደሆነ ሊጠይቋት ኋላዋ ቆመዋል። ላጢፋ አድራሻዋን ነገረቻቸው፤ የሱፐር ግሉ ጎማ ይዛችሁ እንዳትመጡ ብላም አስጠነቀቀች። ፊርዶስ ቡድኗ ጠርቷት ሄደች፤ የወንዶቹ ውድድር ሊጀመር ነበር።

ሰዉ ወደ መነሻው መስመር ሲጠጋ ላጢፋና ጉተማ በርጩማቸው ላይ ቀሩ። ሻይ አዘዘላት። እሷ ወደ ዱከም የሚወስደውን መንገድ እያየች ቆየች። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እሁድ እሁድ ባሏ በዚህ ሲያልፍ እሷ ቤት ሆና ወጥ ትሠራ ነበር። ከሸኪብ ጋር ሠላሳ ስድስት ዓመት ኖራለች፤ ያላየችው ስንት እሁድ እንደሆነ መቁጠር አልፈለገችም። አንድ ነገር ግን መጠየቅ ፈለገች።

«ዱከም ስትደርሱ ምን ታደርጉ ነበር?»

«ቁርስ እንበላለን። አንዲት የሀዲያ ሴትዮ ቤት ነበረች፣ ከመናኸሪያው ጎን። ፉል ትሠራለች። እሱ ቃሪያ ያበዛበታል።»

«ቤት ቃሪያ አይነካም እኮ። ጨጓራዬን ይለኛል።»

«እዚያ ይበላል። ከዚያ በርጩማ ላይ እግሩን ዘርግቶ ስለ ናዕማ ያወራል። ዛሬ ይሄን አለች፣ ዛሬ ያንን አለች። ስላንቺም ያወራል።»

«ምን ብሎ?»

ጉተማ መልሱን ሊጀምር ሲል የወንዶቹ ውድድር ተለቀቀ። ሠላሳ አርባ የሚሆኑ ብስክሌቶች አንድ ላይ ሆነው ከፊታቸው አለፉ፤ ጎማው አስፋልቱ ላይ ሲዘምር ሻዩ ብርጭቆ ውስጥ ተንቀጠቀጠ፤ ምንም መስማት አልተቻለም። ጉተማ አፉን ዘግቶ ጠበቀ። የመጨረሻው አልፎ ድምፁ ወደ ዱከም አቅጣጫ እየቀነሰ ሲሄድ ላጢፋ በርጩማዋን ወደሱ አስጠጋች።

«ቀጥል» አለችው።